ምክርን የሚያቋርጥ ወሰን
ፈቃድ ያላቸው አማካሪዎች በአሜሪካ ከግዛት ወደ ግዛት ተሻግረው ስለሚሠሩበት ውል

የሰው ልጅ ሥጋው ሲታመም ወደ ሐኪም መሄድን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ልቡ ሲታመም ግን ወዴት እንደሚሄድ ብዙ ጊዜ ይቸግረዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር በቤት ውስጥ በተነሣ ጊዜ ሽማግሌ ይጠራል፤ ለነፍስ አባት ይነገራል፤ ወይም «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ዝም ይባላል። ሽማግሌውና የነፍስ አባቱ ስንቱን ቤት ከመፍረስ እንዳዳኑት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝምታው ያዳነው ቤት ግን ካለ እኛ አልሰማንም። አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ይህን አይተው ነው።

በአሜሪካ አገር የሰውን ጭንቀት በትምህርትና በሥርዓት እየሰሙ የሚረዱ ሰዎች ራሱን የቻለ ሞያ አላቸው። በእንግሊዝኛ «ካውንስለር» ይባላሉ፤ በቋንቋችን አማካሪ ብንላቸው ይስማማል። ወደ እነርሱ የሚሄደውንም ሰው ተመካሪ እንለዋለን። አማካሪ መድኃኒት አያዝም። ሥራው ኀዘን የበረታበትን፥ በፍርሃት እንቅልፍ ያጣውን፥ በመጠጥ የተሸነፈውን፥ ከትዳር ጓደኛው ጋራ መነጋገር ያቃተውን ሰው በየጊዜው ተቀብሎ ማነጋገር፥ የጭንቀቱን ሥር መርምሮ ማግኘት፥ ከዚያም የሚወጣበትን መንገድ ከራሱ ከተመካሪው ጋራ መፈለግ ነው። ለዚህም በዩኒቨርሲቲ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ይማራል፤ ፈተና ያልፋል፤ በአዋቂ ሥር ሆኖ ብዙ ሰዓት ይለማመዳል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ የሚኖርበት ግዛት የሥራ ፈቃድ ይሰጠዋል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ሳይሆን፥ ስቴት ከሚባሉት ከ50ዎቹ ግዛቶች እያንዳንዱ ለብቻው ነው። የአንዱ ግዛት ማኅተም በሌላው ግዛት አይሠራም። ሕጉም የሚመለከተው አማካሪው የተቀመጠበትን ወንበር ብቻ አይደለም፤ ተመካሪው በዚያች ሰዓት ያለበትን ምድር ጭምር ይመለከታል። እንግዲህ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚመክር አማካሪ፥ ተመካሪው ወሰን ተሻግሮ ከሆነ፥ በዚያ ግዛት ያለ ፈቃድ እንደ ሠራ ይቈጠርበታል ማለት ነው።

ወሰኑ ስለ ምን ተሠራ

ይህ ወሰን በከንቱ የተሠራ አይደለም። በ1791 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የጸናው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥረኛው ማሻሻያ፥ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠው ሥልጣን ለግዛቶችና ለሕዝብ እንዲቀር አዘዘ። የሕዝብን ጤና መጠበቅም በዚህ መንገድ ከግዛቶች እጅ ገባ። በ1889 ዓ.ም. ዴንት የተባለ ሰው የዌስት ቨርጂንያን ሕግ ተቃውሞ፥ ያለ ፈቃድ በሕክምና እንድሠራ አይገባምን ሲል ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ፍርድ ቤቱም ግዛት ሕዝቡን ካልተማረ ሐኪም ለመጠበቅ ፈቃድን ግድ ማድረግ ይችላል ብሎ ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ የሐኪም፥ የነርስና የሌላውም ባለ ሞያ ፈቃድ በየግዛቱ የሚሰጥ ሆኖ ጸና።

የአማካሪዎች ፈቃድ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። መጀመሪያ አማካሪን በሕግ ያወቀች ግዛት ቨርጂንያ ናት፤ ዘመኑም 1976 ነበር። የመጨረሻይቱ ካሊፎርኒያ በ2009 ዓ.ም. ሕጉን አወጣች። ሞያው በአገሩ ሁሉ በሕግ እስኪታወቅ ድረስ 33 ዓመት ፈጀ። በነዚህም ዓመታት እያንዳንዱ ግዛት በገዛ ራሱ ሚዛን ስለ መዘነ፥ ስሙም መለኪያውም ተለያየ። በቨርጂንያ «ኤል ፒ ሲ»፥ በኒውዮርክ «ኤል ኤም ኤች ሲ»፥ በሜሪላንድ «ኤል ሲ ፒ ሲ» የሚል ማዕርግ የያዙት ሦስት ሰዎች ሥራቸው አንድ ነው። የልምምዱንም ሰዓት ብንመለከት ሜሪላንድ 3,000፥ ቨርጂንያ 3,400፥ የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር ደግሞ 3,500 ሰዓት ይጠይቃሉ። በነዚህ በሦስቱ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው።

እኛ በመዝገብና በማኅተም ሥራ የምንኖር ሰዎች ፈቃድ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ፈቃድ መንግሥት ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ቃል ነው። «ይህን ሰው መርምረነዋልና የቤታችሁን ምሥጢር ብትነግሩት አትፈሩ፤ ቢበድላችሁም ለእኛ አቤት በሉ» ማለት ነው። ስለዚህ ወሰኑ ይፍረስ የሚለውን ሰው በቶሎ አንከተለውም። የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ቤተ ሰብን እንዲጠብቅ የተሠራው አጥር፥ ቤተ ሰቡ መንገድ በተነሣ ጊዜ ከሚረዳው ሰው የሚለየው ከሆነ እንዴት ይደረጋል የሚል ነው።

ወሰኑ በቤት ላይ የሚያመጣው ጉዳት

አንዲት ልጅ በ17 ዓመቷ ብርቱ ኀዘን ይዟት እናትና አባቷ ወደ አማካሪ ወሰዷት እንበል። ልጅቱ አፏን ለመክፈት ወራት ፈጀባት፤ በኋላ ግን አማካሪዋን አመነች፤ መብላትና መተኛትም ጀመረች። በዓመቱ ኮሌጅ ለመግባት ወደ ሌላ ግዛት ትሄዳለች። ከቤት ርቃ፥ ከማታውቀው ሰው ጋራ አንድ ክፍል ተጋርታ፥ የፈተና ጭንቀት በተጨመረባት በዚያ ሰሞን፥ አማካሪዋ «ከእንግዲህ ላነጋግርሽ ሕግ አይፈቅድልኝም» ሊላት ይገደዳል። ለዕረፍት ወደ ቤቷ ስትመለስ ይፈቀድለታል፤ ወደ ትምህርቷ ስትሄድ ይከለከላል። አዲስ አማካሪ ብትፈልግም ታሪኳን ከመጀመሪያው አንሥታ ለእንግዳ ሰው መናገር አለባት። ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ታክቶት ይተወዋል። ለተጨነቀ ሰው ነገሩን እንደ ገና መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የወታደር ቤትም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት ባለ ሟሎቹን በየጥቂት ዓመቱ ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል። አማካሪ የሆነች የወታደር ሚስት በተዛወረች ቍጥር ፈቃዷን እንደ አዲስ ስታመለክት ወራት ያለ ሥራ ትቀመጥ ነበር። በጥር ወር 2023 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በሠራዊት ትእዛዝ ለሚዛወሩ ወታደሮችና ለትዳር ጓደኞቻቸው ፈቃዳቸው በአዲሱ ቦታ እንዲጸናላቸው አዘዘ። ይህ ግን የአማካሪዋን ችግር ቢያቃልልም፥ ትታቸው የሄደችውን ተመካሪዎች የሚመለከት አይደለም።

በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ነገሩ ለሁሉም ተገለጠ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ተዘግቶ ምክር በቪዲዮና በስልክ ሆነ፤ ብዙ ግዛቶችም የሌላ ግዛት ባለ ሞያ ለጊዜው እንዲሠራ ፈቀዱ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ጊዜያዊው ፈቃድ በየቦታው ተሻረ። በዚያ ወራት ከሩቅ አማካሪ ጋራ የተዋወቁት ቤተ ሰቦች በድንገት ተለያዩ። ለክፉ ቀን የተከፈተው በር ክፉው ቀን ሲያልፍ መዘጋቱ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ጭንቀት ከወረርሽኙ ጋራ አብሮ አላለፈም።

ስለ ውሉ አሠራር

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግዛቶች እርስ በርሳቸው ውል እንዲዋዋሉ መንገድ ትቶላቸዋል። ነርሶች በዚህ መንገድ በ2000 ዓ.ም. ውላቸውን ሥራ ላይ አዋሉ። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በ2020 ዓ.ም. ተከተሉ። የአማካሪዎች ውል፥ በእንግሊዝኛ «ካውንስሊንግ ኮምፓክት» የሚባለው፥ የአሜሪካ አማካሪዎች ማኅበርና የግዛት መንግሥታት ምክር ቤት ተባብረው ያረቀቁት ነው። ረቂቁ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈጸመ። ጆርጂያና ሜሪላንድ በ2021 ዓ.ም. ቀድመው በሕግ ተቀበሉት። 10 ግዛቶች ሲገቡ ይጸናል የተባለው ቍጥርም በ2022 ዓ.ም. ሞላ። ከዚያ በኋላ የተቀበሉት ግዛቶች ቍጥር ከ30 አልፏል። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክን የመሰሉ ታላላቅ ግዛቶች ግን እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ አልገቡም።

የውሉ ሐሳብ እንዲህ ነው። አማካሪው በሚኖርበት ግዛት ሙሉ ፈቃድ ይኖረዋል፤ ይህችም «የቤት ግዛቱ» ትባላለች። በሌላ የውሉ አባል ግዛት መሥራት ሲፈልግ ሁለተኛ ፈቃድ ከሥሩ አያመለክትም፤ «የመሥራት መብት» ይጠይቃል። ይህንም ለማግኘት ፈቃዱ እንከን የሌለበት፥ ብቻውን ሆኖ ለመመርመርና ለማከም የሚያበቃው መሆን አለበት። ትምህርቱም ፈተናውም በውሉ የተወሰነውን ልክ ማሟላት ይገባዋል፤ አሻራውም ተወስዶ ወንጀል እንደሌለበት ይመረመራል። ገና በአዋቂ ሥር የሚለማመድ ሰው ይህ መብት አይገባውም። ከነርሶች ውል የሚለየውም በዚህ ነው። የነርሶቹ አንድ ፈቃድ በአባል ግዛቶች ሁሉ ይሠራል፤ አማካሪ ግን ሊሠራበት ለሚፈልገው ለእያንዳንዱ ግዛት መብቱን ለየብቻው ይወስዳል።

የውሉ ዋና አንቀጽ ይህ ይመስለናል፦ አማካሪው በሄደበት ግዛት የሚገዛው ተመካሪው በሚገኝበት ግዛት ሕግ ነው። ያች ግዛት ቢያጠፋ መብቱን ልትነሣው ትችላለች፤ ፈቃዱን ራሱን የሚነካው ግን የቤት ግዛቱ ብቻ ነው። የቤት ግዛቱ ፈቃዱን ካገደችበትም በሌሎቹ ግዛቶች ሁሉ ያለው መብት አብሮ ይወድቃል። እገዳው ከተነሣለት በኋላም ሁለት ዓመት ያለ ነቀፋ ካልቈየ አይመለስለትም። ጥፋቱም በአንድ የጋራ መዝገብ ስለሚጻፍ፥ በአንዱ ግዛት በደል ሠርቶ በሌላው ንጹሕ መስሎ መቀመጥ ከቀድሞው ይልቅ ይከብደዋል።

ሆኖም ሕግ በወጣበት ቀን በሩ አይከፈትም። የጋራውን መዝገብ ማቋቋም፥ የአሻራውን ምርመራ ማደራጀትና ደንቡን መጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀ። የመጀመሪያው የመሥራት መብት መሰጠት የተጀመረው በመስከረም መጨረሻ 2025 ዓ.ም. ሲሆን፥ በሩን ቀድመው የከፈቱት አሪዞናና ሚኒሶታ ናቸው። ሌሎቹም ዝግጅታቸውን ሲፈጽሙ በየተራቸው እንዲገቡ ተደረገ። እንግዲህ አንድ ግዛት ውሉን ተቀበለ ማለትና ዛሬ በውሉ ይሠራበታል ማለት አንድ አይደለም።

የሚቃወሙት የሚሉት

ይህን ውል በጥርጥር የሚመለከቱት ሰዎች ነገራቸው የሚናቅ አይደለም። አንደኛው ክርክራቸው የየግዛቱ ሕግ መለያየት ነው። በ1976 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታራሶፍ በተባለው ክርክር፥ ተመካሪው ሌላ ሰው ሊገድል እንደሚያስብ ያወቀ ባለ ሞያ የሚጠቃውን ሰው ለመጠበቅ የሚገባውን ማድረግ አለበት ብሎ ፈረደ። የቴክሳስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1999 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ግዴታ በባለ ሞያው ላይ አልጭንም አለ። ስለ ልጆችም እንዲሁ ነው። ሜሪላንድ በ2021 ዓ.ም. ሕጓን አሻሽላ፥ ባለ ሞያው የበሰለ ነው ያለው የ12 ዓመት ልጅ ለምክር ራሱ ፈቃዱን እንዲሰጥ አደረገች፤ ቀድሞ 16 ዓመት ነበር። በሌሎች ግዛቶች ዕድሜው ይለያል። እንግዲህ ወሰን የሚሻገር አማካሪ ምሥጢር የሚጠበቅበትንና የሚገለጥበትን ሕግ በየአገሩ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ክርክር የቦታ ዕውቀት ነው። ተመካሪው በራሱ ላይ እጁን ሊያነሣ ቢያስብ፥ የቅርቡ አማካሪ ሆስፒታሉንም ዘመዱንም ያውቃል፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠው ግን ማንን ይጠራል? ሦስተኛው ደግሞ ውሉ ያሉትን አማካሪዎች ያዘዋውራል እንጂ አዲስ አይወልድም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በገጠር የሚኖር ድኻ የበይነ መረብ መስመር ከሌለው ወይም የሚከፍለው ካጣ፥ የወሰኑ መከፈት ብቻ አይፈውሰውም።

እኛ ነገሩን ስንመዝነው፥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክርክሮች አማካሪው እንዲማርና እንዲጠነቀቅ የሚያስገድዱ ናቸው እንጂ በሩ ይዘጋ የሚያሰኙ አይደሉም። ውሉም የተመካሪውን አገር ሕግ በአማካሪው ላይ ያጸናው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ክርክር ደግሞ ከውሉ ጋራ ሌላም ሥራ እንዲሠራ የሚያስታውስ ነው። ከዚህ ቀደም አማካሪውን የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋራ እንዲጀምር ማስገደድ ግን ከጥበቃ አይቈጠርም። ጥበቃ የሚሆነው ጠባቂው ከተጠበቀው ጋራ ሲሄድ ነው።

ስለ ወገኖቻችን ቤት

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ያሉትን ወገኖቻችንን በተለይ የሚነካቸው በቋንቋ ምክንያት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ በሦስት ሕግ ሥር ተበትኖ ይገኛል፤ አንዱ ወንድም በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ፥ ሌላው በከተማይቱ፥ እኅታቸው ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂንያ በአሌክሳንድርያ። እሑድ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ ሰኞ ግን አማርኛ የሚያውቀው የአንዱ አማካሪ ለሌላዋ እንዳይሠራ ወንዙ ይከለክለዋል። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ሁለቱም ውሉን በሕግ የተቀበሉ መሆናቸው ለእንዲህ ያለው ቤት ተስፋ የሚሰጥ ነው።

አማርኛ የሚናገር አማካሪ ከእንግሊዝኛው አማካሪ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂትም ከሆነ በአንድ ግዛት ታጥሮ መቅረቱ ይበልጥ ይጐዳል። እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት ወደ አማካሪ ስትሄድ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ብትወስድ፥ ስለ ትዳሯ ያለባትን ኀዘን በልጇ አንደበት እንዴት ትናገራለች? ልጅቱስ ያን ሰምታ እንዴት ታድራለች? «ሆዴ ባባ»፥ «ልቤ ተሰበረ»፥ «ራሴን ጠላሁ» የሚለውን ቃል በሙሉ ክብደቱ የሚሰማው ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ነው። እንዲህ ያለው ጆሮ በሚኒሶታ ተገኝቶ እናቲቱ በአሪዞና ብትሆን፥ ወሰኑ መከፈቱ ለእርስዋ የሕግ ነገር ብቻ አይሆንባትም።

ወደ አማካሪ መሄድም ሽማግሌን ወይም የነፍስ አባትን መተው አይደለም። ሽማግሌው ያስታርቃል፤ የነፍስ አባት ንስሓ ይሰጣል፤ አማካሪው ደግሞ በተማረው ጥበብ የታመመውን ልብ ያክማል። እግሩ የተሰበረውን ሰው ወጌሻ ሲይዘው ካህን ቢጸልይለት ሁለቱ እንደማይጣሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው።

ቤተ ሰብ ሊያስተውለው የሚገባ

1ኛ፤ በአሜሪካ የምትኖሩ ቤተ ሰቦች ልጃችሁን ወደ ሌላ ግዛት ለትምህርት ከመላካችሁ ወይም ቤት ከመለወጣችሁ አስቀድማችሁ አማካሪያችሁን «በዚያ ግዛት ልታነጋግረን ትችላለህን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ጓዝ ከታሰረ በኋላ ሳይሆን ከወራት በፊት ቢጠየቅ ይበጃል።

2ኛ፤ የአማካሪውን ፈቃድ ራሳችሁ መርምሩ። የየግዛቱ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ የባለ ሞያዎችን ስም በግልጽ መዝገብ ያወጣል። ፈቃዱ የጸና መሆኑን፥ እገዳም እንደሌለበት ከዚያ ታገኛላችሁ። ማዕርጉ በየግዛቱ ስለሚለያይ የፊደሉ ልዩነት አያሳስታችሁ።

3ኛ፤ ግዛታችሁ ውሉን ተቀብላ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ አማካሪው የመሥራት መብቱን በእጁ እንደ ያዘ ጠይቁ። ቅሬታ ቢነሣም ለየትኛው ቦርድ አቤት እንደሚባል አስቀድማችሁ ዕወቁ።

4ኛ፤ ኢንሹራንሳችሁ ወሰን ተሻግሮ ለሚሠራ አማካሪ ይከፍል እንደ ሆነ አረጋግጡ፤ የመሥራት መብት ማግኘትና የመድን ድርጅት መክፈል ሁለት ነገር ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ለአማካሪዎች መክፈል የጀመረው ከጥር 2024 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ሆነ፥ ሽማግሌ ወላጆች ያሏችሁ ይህን አስታውሱ።

5ኛ፤ በሩቅ ያለ አማካሪ ስታነጋግሩ በእያንዳንዱ ጊዜ ያላችሁበትን ቦታና በአጠገባችሁ ያለ የታመነ ዘመድ ስልክ ንገሩት። ለነፍስ የሚያሰጋ ነገር በመጣ ጊዜ ግን ፈቃድና ወሰን ሳትጠይቁ ወደ 988 ደውሉ። ይህ ቍጥር ከሐምሌ 2022 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይሠራል።

ሕግ አውጪዎችና ሹማምንት ይህን በሚያነቡበት ጊዜ አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንወዳለን። ማኅተም የሚደረገው ሰው በማኅተሙ እንዲታመን ነው። ሁለት ግዛቶች አንዱ የሌላውን ማኅተም መርምረው ቢያምኑበት ሥልጣናቸው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በበራቸው ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ነው። ቤተ ሰብም በበኩሉ በር ተከፈተ ብሎ ያለ ጥያቄ አይግባ፤ የሚገባበትን ቤት ይወቅ፤ የሚመክረውንም ይመርምር። ጭንቀት ወሰን ተሻግሮ ከሰው ጋራ መሄዱን ማንም አልከለከለውም፤ መጽናናትም ከእርሱ ጋራ እንዲሄድ መንገዱን ማቅናት ለሕግ ተገቢ ሥራ ነው።